«ወዳጄ ነው»፣ «አስመዝግቤያለሁ»፣ «ምንም አልመለስኩለትም»፦ ፖለቲከኞች ለተቀበሉት ስጦታ የሚያቀርቡት ምክንያት ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር፣ ሥልጣን ከያዙ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ ስለ መነጽራቸው፣ ስለ ሱፍ ልብሳቸውና ስለ ባለቤታቸው ልብስ ማብራሪያ ሲጠየቁ ሰነበቱ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በፓርላማው መዝገብ ያሰፈሩት ስጦታና የነጻ ትኬት ሲደመር ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሜይ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተ ቦይንግ 747-8 አውሮፕላን ከኳታር ተቀበለ፤ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕም ስጦታው ለመንግሥት እንጂ ለእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን «የተጣሰ ሕግ የለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «ጉቦ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። በተለያዩ አገሮች የታዩ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ባለሥልጣናት ለሕዝብ የሚያቀርቡት ምክንያት በዘፈቀደ የሚመረጥ እንዳልሆነ ይታያል። ደንቡ ቀዳዳ በተወበት ቦታ ሁሉ ለዚያ ቀዳዳ ልክ የሆነ ምክንያት ይገኛል። ስለዚህ ምክንያቱን በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው ደንቡ የት ላይ እንደላላ ሊያውቅ ይችላል።

ስጦታ፣ መስተንግዶ፣ ጉቦ

በሥነ ምግባር ደንቦች ቋንቋ ስጦታ ማለት ተቀባዩ የገበያ ዋጋውን ሳይከፍል ያገኘው ማንኛውም ጥቅም ነው። ሰዓት ወይም ቦርሳ ብቻ አይደለም። ነጻ ማረፊያ፣ በሌላ ሰው የተከፈለ የጉዞ ወጪ፣ ወለድ የሌለው ብድር፣ ለሌላው ገዢ የማይሰጥ ቅናሽ፣ ለወራት በነጻ የተዋሱት መኪና ሁሉ ስጦታ ናቸው። መስተንግዶ የሚባለው ደግሞ ግብዣን፣ የስታዲየምና የኮንሰርት መግቢያን፣ ማረፊያን የሚያጠቃልል የስጦታ ዘርፍ ነው።

ጉቦ ከዚህ የሚለየው በልውውጡ ነው። ዐቃቤ ሕግ በጉቦ ለማስቀጣት ጥቅሙ ለአንድ የሥልጣን ተግባር ተብሎ መሰጠቱን ወይም መጠየቁን ማስረዳት አለበት። በሁለቱ መካከል ሰፊ መሬት አለ። ውሳኔው ካለፈ በኋላ ያለ ቅድመ ስምምነት የሚሰጥ የምስጋና ክፍያ አለ፤ ምንም ሳይጠየቅበት ለዓመታት የሚፈስ ደግነትም አለ። የጥቅም ግጭት የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል፤ ባለሥልጣኑ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም ሲገባው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚስበው የግል ጉዳይ አለው ማለት ነው። የጥቅም ግጭት እንዲኖር ባለሥልጣኑ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ በዚያ ቦታ ላይ መገኘቱ ይበቃል። በ2003 የጸደቀውና ከ190 በላይ አባላት ያሉት የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 8 አገሮች ባለሥልጣኖቻቸው የጥቅም ግጭት ሊያስከትሉ የሚችሉ ከፍ ያሉ ስጦታዎችን የሚያሳውቁበትን ሥርዓት ለማበጀት እንዲጥሩ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መለኪያው ጉቦ መሆኑ ሳይሆን ግጭት ሊያመጣ መቻሉ ነው።

በአደባባይ የሚሰማው ማስተባበያ ግን ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ያዞረዋል። ባለሥልጣኑ የሚጠየቀው ስለ ጥቅም ግጭት ሲሆን የሚመልሰው ስለ ጉቦ ነው። «በምላሹ ምንም አላደረግኩም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለተጠየቀው ጥያቄ ግን መልስ አይደለም።

ትንሽ ስጦታ ለምን ይሠራል

«በአንድ ትኬት የምገዛ ሰው አይደለሁም» የሚለው መልስ በሁሉም አገር ይሰማል። ብዙዎቹ ከልባቸው የሚሉት ይሆናል። ነገር ግን ስጦታ የሚሠራው ሰውን በመግዛት ብቻ አይደለም።

በ2016 በአሜሪካ ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ ሐኪሞችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ከመድኃኒት ኩባንያ አንድ ጊዜ እንኳ ምግብ የተጋበዙ ሐኪሞች የሚተዋወቀውን መድኃኒት ካልተጋበዙት ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። የምግቡ ዋጋ በአማካይ ከ20 ዶላር በታች ነበር። ጥናቱ የሁለቱን መያያዝ እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አላረጋገጠም፤ መድኃኒቱን አስቀድመው የወደዱ ሐኪሞች ወደ ግብዣው ሄደው ሊሆን ይችላል። ይህን ጥርጣሬ የሚያጠብበው በቁጥጥር ሥር የተደረገ ሙከራ ነው። በ2017 ውጤታቸው የታተመ የኢኮኖሚክስ ሙከራዎች ውስጥ፣ በሌላ ሰው ስም የሚወስኑ ተሳታፊዎች ትንሽ ስጦታ ለሰጣቸው ወገን አደሉ፤ የዚያ አድልዎ ዋጋ የሚከፈለው በሦስተኛ ሰው ኪሳራ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ተጽዕኖው በተለይ ጎላ። ተሳታፊዎቹ ስጦታው ውሳኔያቸውን ለማዛባት እንደተሰጠ ያውቁ ነበር። ማወቃቸው አላገዳቸውም።

የፖለቲከኛ ሁኔታ በትክክል ይህን ይመስላል፤ የሚወስነው በሌላ ሰው ገንዘብ ነውና ወጪው የሚወድቀው እዚያ በሌለው ሦስተኛ ወገን ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከውሳኔ ይልቅ መዳረሻን የሚመለከት ነው። የባለሥልጣን ቀን አጭር ነው፤ የትኛው ስልክ ይነሣ፣ የትኛው ደብዳቤ ይነበብ፣ ማን ለአሥር ደቂቃ ይግባ የሚለው ራሱ ሥልጣን ነው። ስጦታ ሰጪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተፈረመ ወረቀት ሳይሆን ይህ ነው። በሎቢስትነት የሚሠሩ ሰዎች፣ ማለትም ባለሥልጣንን ለማግባባት የሚከፈላቸው፣ ዋነኛ ሀብታቸው ይኸው በር ነው። መዳረሻ በመዝገብ ላይ ስለማይሰፍርም «ምን መለሰ?» ተብሎ ሲፈለግ ምንም አይገኝም።

ገደቡ የት ላይ ይሰመራል

አገሮች ገደብ የሚያበጁባቸው መንገዶች ይለያያሉ። በብሪታንያ የፓርላማ አባል ከ300 ፓውንድ በላይ የሆነ ስጦታን በ28 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ መቀበሉ ግን በአብዛኛው አይከለከልም። ሚኒስትር ሆኖ የተቀበለው ከ140 ፓውንድ በላይ የሆነ ዕቃ የመሥሪያ ቤቱ ይሆናል፤ ለራሱ ከፈለገው ልዩነቱን ከፍሎ ይገዛዋል። በካናዳ አንድ ሚኒስትር የተቀበለውን 200 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ስጦታ በ30 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ያሳውቃል፤ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነው ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።

በአሜሪካ የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከአንድ ሰጪ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመት ከ50 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን አለ፦ ይህ ጥብቅ ደንብ ለፕሬዚዳንቱና ለምክትሉ ሰፊ ነጻነት ሰጥቷል። እነሱን የሚይዛቸው የጉቦ ሕጉ፣ ስጦታ ጠይቆ መቀበልን የሚመለከቱ ክልከላዎችና ከውጭ መንግሥት ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ስጦታ መቀበልን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ነው። በሌላ አነጋገር የጉዳይ ክፍል ጸሐፊ ለምሳ ግብዣ የሚጨነቅበት ሥርዓት፣ ከላይ ያለውን ሰው የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ደቡብ ኮሪያ ሌላ መንገድ መርጣለች። ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕጓ፣ አንድ ባለሥልጣን ከአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዎን ወይም በአንድ የበጀት ዓመት ከ3 ሚሊዮን ዎን በላይ ከተቀበለ ከሥራው ጋር ቢያያዝም ባይያያዝም በወንጀል ያስጠይቀዋል። ይህ አንድ ሐረግ ዐቃቤ ሕጉን ልውውጥ ከማስረዳት ሸክም ይገላግለዋል፤ «ምንም አልመለስኩለትም» የሚለውን ምክንያትም ከሥሩ ይነቅለዋል። ሕጉ ጋዜጠኞችንና መምህራንንም ይጨምራል።

«ወዳጄ ነው»

ከምክንያቶች ሁሉ ለመመለስ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ባለሥልጣንም ወዳጅ አለው፣ ይጋባል፣ ልደት ያከብራል። የልጅነት ጓደኛው የሰጠውን መጽሐፍ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ደንብ ማንንም አይጠቅምም። ለዚህም አብዛኞቹ ደንቦች ለወዳጅና ለዘመድ ስጦታ የተለየ በር ይከፍታሉ።

የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ 1000 የሚል ቁጥር በተሰጠው የክስ መዝገብ፣ ከሁለት ባለጸጎች ወደ 700 ሺህ ሼከል የሚገመት ሲጋርና ሻምፓኝ ለዓመታት ተቀብለዋል ተብለው ተከሰዋል። ክሱን ይክዳሉ፤ ነገሩ በወዳጆች መካከል የተደረገ ስጦታ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ክርክሩ ዕቃው መኖሩ ላይ ሳይሆን ግንኙነቱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ላይ ነው።

ወዳጅነት ሊመዘን አይችልም የሚሉ ቢኖሩም መመዘኛ ተበጅቶለታል። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ደንብ አባላቱ ስጦታን በወዳጅነት ስም ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገሮችን እንዲያዩ ያዛል። የግንኙነቱ ታሪክ ምን ይመስላል፣ ከዚህ በፊትስ ስጦታ ተለዋውጠዋል ወይ? ሰጪው ከራሱ ኪስ ነው የከፈለው ወይስ ከድርጅቱ ሒሳብ አስመልሶ ወይም ከግብር አስቀንሶታል? ተመሳሳይ ስጦታ በዚያው ጊዜ ለሌሎች አባላትም ሰጥቷል? ዋጋው ከ250 ዶላር ካለፈ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በጽሑፍ ካልፈቀደ በወዳጅነት ስም መቀበል አይቻልም። ከሦስቱ ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ጠንካራ ነው። ስሜት ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ደረሰኝ ላይ ግን አይነሣም። ለወዳጁ ስጦታ የገዛ ሰው ወጪውን በድርጅቱ መዝገብ «የሥራ ማስፋፊያ» ብሎ አይጽፍም።

በተግባር የተፈተነ ምሳሌም አለ። ጀስቲን ትሩዶ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የ2016ን የገና ሰሞን የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ በነበሩት በአጋ ካን የግል ደሴት በባሃማስ ከቤተሰባቸው ጋር አሳለፉ፤ ሲጠየቁም አጋ ካን የቤተሰብ ወዳጅ እንደሆኑ ተናገሩ። የሥነ ምግባር ኮሚሽነሯ በዲሴምበር 2017 ባወጡት ሪፖርት ይህን አልተቀበሉም፤ ሕጉ ተጥሷል አሉ። ሁለቱ ሰዎች ትሩዶ የፓርቲ መሪ እስኪሆኑ ድረስ ለ30 ዓመት ያህል፣ ከትሩዶ አባት ቀብር በቀር፣ የግል ግንኙነት አልነበራቸውም። በሌላ በኩል የአጋ ካን ተቋማት ከካናዳ መንግሥት ጋር የሚሠሩት ሥራና የሚያገኙት ገንዘብ ነበር። ኮሚሽነሯ የጠየቁት «ይዋደዳሉ ወይ?» ብለው አልነበረም፤ ግንኙነቱ የታደሰው መቼ ነው ብለው ነው የጠየቁት። ወዳጅነቱ ከሥልጣን ጋር አብሮ ከመጣ፣ ወዳጅነቱ ለሰውየው ይሁን ለወንበሩ መለየት አይቻልም።

ከጥሰቱ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ድክመት አጋለጠ። የካናዳ ሕግ በገንዘብ የሚቀጣው ሪፖርት አለማድረግንና መሰል ጉድለቶችን ብቻ ስለሆነ፣ ለደሴቱ ዕረፍት ምንም የገንዘብ ቅጣት አልተጣለም። በ2018 ግን ትሩዶ የተሰጣቸውን የፀሐይ መነጽር በጊዜው ባለማሳወቃቸው 100 ዶላር ተቀጡ።

«አስመዝግቤያለሁ፣ ደንቡን አክብሬያለሁ»

ስታርመር የሰጡት ዋነኛ መልስ ይህ ነበር፤ በአብዛኛውም ልክ ነበር። መዝገቡ ባይኖር ጋዜጦቹ የሚጽፉት ነገር አይኖራቸውም ነበርና ደጋፊዎቻቸው ግልጽነቱ ራሱ ተመስግኖ ሊታይ ይገባል ማለታቸው ትርጉም አለው።

ይሁንና የመዝገቡ ዝርዝር ሲታይ ሥርዓቱ የሚያፈስባቸው ቦታዎች ይወጣሉ። ከባለጸጋው የምክር ቤት አባል ሎርድ ዋሂድ አሊ የተገኘ 16 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ልብስ መጀመሪያ የተመዘገበው «ለግል ጽሕፈት ቤት» የተሰጠ ድጋፍ ተብሎ ነበር። ያንን መስመር ያነበበ ሰው ደመወዝ፣ ኮምፒውተር ወይም ኪራይ መስሎት ያልፋል እንጂ ሱፍ አይመጣለትም። ለባለቤታቸው የተሰጠው ልብስ ደግሞ ከጊዜ ገደቡ ዘግይቶ ተጨመረ። ወደ 20 ሺህ ፓውንድ የሚገመተውን ማረፊያ በተመለከተ ስታርመር የሰጡት ምክንያት ልጃቸው በምርጫ ዘመቻው ወቅት በር ላይ ከሚቆሙ ጋዜጠኞች ርቆ ለፈተና እንዲያጠና ነው የሚል ነበር።

የአርሰናል ጨዋታን በነጻ ሎጅ (ለልዩ እንግዶች በተለየ የስታዲየም ክፍል) ስለማየታቸውም በጸጥታ ምክንያት ከተራው ተመልካች ጋር መቀመጥ እንደማይችሉና ሌላው አማራጭ ሕዝቡን ብዙ እንደሚያስወጣ አስረዱ። ሁለቱም ምክንያቶች ሰው የሚረዳቸው ናቸው፤ ሐሰት ናቸው ለማለትም መነሻ የለም። የሚያብራሩት ግን ተቀባዩ ለምን እንደፈለገ ነው። ሰጪው ለምን እንደሰጠ አይነግሩንም። የእግር ኳስ ክለቦች በዚያው ወቅት ነጻ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ረቂቅ ሕግ ፊት ለፊታቸው ነበር። የስጦታ ጉዳይ ሲመረመር የተቀባይ ፍላጎት ሁልጊዜ ሰብዓዊ ሆኖ ይቀርባል፤ የሰጪው ጥቅም ግን ካልተፈለገ አይታይም።

ማስመዝገብ በራሱ መድኃኒት ነው የሚለውን እምነት የሚያናጋ ነገርም አለ። በ2005 የታተመ የአማካሪዎች ሙከራ የጥቅም ግጭታቸውን የተናገሩ ሰዎች ካልተናገሩት ይልቅ ይበልጥ ያደላ ምክር እንደሰጡ አሳይቷል። አንዱ ማብራሪያ፣ ከተናገሩ በኋላ ግዴታቸውን እንደተወጡ ስለሚሰማቸው ነው የሚል ነው። ይህ መዝገብን ከንቱ አያደርገውም። መዝገብ ለሌላ ሰው ማየት የሚያስችል መሣሪያ ነው፤ ተቀባዩን የማንጻት ኃይል ግን የለውም።

በመጨረሻ ስታርመር ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጡ ስጦታዎችን ዋጋ ከፈሉ፤ ከነዚያ ውስጥ የቴይለር ስዊፍት ኮንሰርት ትኬቶች ይገኙባቸዋል። በኖቬምበር 2024 የሚኒስትሮች ደንብ ተሻሽሎ የስጦታና የመስተንግዶ ዝርዝር በየወሩ ከነዋጋው እንዲወጣ ተደረገ፤ ቀድሞ በየሦስት ወሩ ነበር የሚወጣው፤ የመስተንግዶው ዋጋም አይጠቀስም ነበር። የሥነ ምግባር አማካሪው ያለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ምርመራ እንዲጀምር የተፈቀደለትም በዚሁ ማሻሻያ ነው። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ይመስለናል፤ ሊመረመር የሚችል ሰው ፈቃድ ሰጪ በሆነበት ቦታ ሌላው ደንብ ሁሉ በሰውየው በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

«በምላሹ ምንም አልሰጠሁም»

ይህን ምክንያት ከማንም ይልቅ ያጠናከሩት ፍርድ ቤቶች ናቸው። የቨርጂኒያ ገዢ የነበሩት ቦብ ማክዶኔል ከአንድ ነጋዴ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ የሚገመት ስጦታና ብድር፣ የሮሌክስ ሰዓት ጨምሮ፣ ተቀብለው በ2014 ጥፋተኛ ተባሉ። በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ስብሰባ ማመቻቸት፣ ሰውን ከባለሥልጣን ጋር ማገናኘት ወይም ዝግጅት ማስተናገድ ብቻውን «የሥልጣን ተግባር» አይደለም አለ። ከላይ የተነሣው የመዳረሻ ጉዳይ በዚህ ፍርድ ከጉቦ ክልል ወጣ ማለት ነው።

በጁን 2024 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሌላ መስመር አሰመረ። የአንዲት የኢንዲያና ከተማ ከንቲባ፣ ከተማቸው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የቆሻሻ መኪናዎችን ከገዛችበት ድርጅት በኋላ 13 ሺህ ዶላር ተቀበሉ። ከንቲባው ክፍያው የማማከር ነው አሉ። ብዙኃኑ ዳኞች ለክልልና ለከተማ ባለሥልጣናት የተጻፈው የፌዴራል ሕግ ከውሳኔ በፊት የተስማሙበትን ጉቦ እንጂ ከውሳኔ በኋላ የሚሰጥን የምስጋና ክፍያ አይከለክልም፤ ያንን ክልሎችና ከተሞች ራሳቸው ይደንግጉ ሲሉ ወሰኑ። የብዙኃኑ ስጋት ቀላል አልነበረም፤ ወሰኑ ግልጽ ያልሆነ የወንጀል ሕግ ተራ የምስጋና ስጦታ የተቀበለን ሰው ሳይቀር እስር ቤት ሊያገባ ይችላል። ውጤቱ ግን ተዋዋዮች ቀኑን ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ ከፌዴራል ሕጉ መውጣት የሚችሉበት ሁኔታ ነው። ሕጉ ጠባብ ሲሆን የሥነ ምግባር ደንብ ሰፊ መሆን የሚኖርበት እዚህ ላይ ነው፤ ማሰር የማይችለው ነገር ሁሉ ይፈቀዳል ማለት አይደለምና።

«ለእኔ አይደለም»

ስጦታው ለመንግሥት፣ ለባለቤት ወይም ለተቋም ነው የሚለው ምክንያት በሦስት መልክ ይመጣል።

አንደኛው የትዳር ጓደኛ ነው። በ2023 መጨረሻ በወጣ ቪዲዮ፣ የያኔው የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ባለቤት ከአንድ ፓስተር 3 ሚሊዮን ዎን የሚያወጣ የዲዮር ቦርሳ ሲቀበሉ ታዩ። ፕሬዚዳንቱ ባለቤታቸው ሰውየውን ጨክነው መመለስ እንዳልቻሉ ተናገሩ። በጁን 2024 የአገሪቱ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ጉዳዩን ዘጋው፤ ምክንያቱ ሕጉ የባለሥልጣን ባለቤትን የሚቀጣ አንቀጽ ስለሌለው ነው። ከላይ እንዳየነው ይህ ሕግ በዓለም ጠንካራ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። በአንድ አንቀጽ አለመኖር ብቻ ተዘለለ።

ሁለተኛው የዲፕሎማሲ ስጦታ ነው። መሪ ከሌላ አገር መሪ የተሰጠውን ዕቃ አልቀበልም ቢል ሰጪውን ማስቀየም ይሆናል፤ ስለዚህ ተቀብሎ ለመንግሥት ማስረከብ የተለመደ ነው። ፓኪስታን ለዚህ በ1974 ቶሻካና የተባለ ግምጃ ቤት አቋቁማለች። ቀዳዳው መሪው ዕቃውን ከግምቱ በታች ከፍሎ መልሶ መውሰድ መቻሉ ነበር። እንዲህ ሲሆን ትርፉ የሚወሰነው በገማቹ ነው፤ ገማቹ ደግሞ የመሪው መንግሥት ሠራተኛ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ኻን ከዚህ ግምጃ ቤት በገዟቸው ስጦታዎች ሽያጭ ሳቢያ በኦገስት 2023 ጥፋተኛ ተብለው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በዚያው ወር ታግዷል፤ እሳቸውም ሁሉንም በሕግ አግባብ እንደገዙ ይከራከራሉ። በማርች 2023 መንግሥት ከ300 ዶላር በላይ የሆነ ስጦታ ባለሥልጣናት እንዳይወስዱ ከልክሏል። የግምት ችግሩን የሚፈታው ይህ ዓይነቱ ክልከላ ወይም ለሁሉም ክፍት የሆነ ጨረታ ነው፤ የቅናሹን መቶኛ ከፍና ዝቅ ማድረግ አይፈታውም።

ሦስተኛው የኳታሩ አውሮፕላን ነው። ደጋፊዎቹ ስጦታው ከመንግሥት ለመንግሥት ስለሆነ የሕገ መንግሥቱ ክልከላ አይነካውም ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች ፕሬዚዳንቱ አውሮፕላኑ በኋላ ለፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍታቸው ፋውንዴሽን እንደሚሄድ መናገራቸውን ያነሣሉ። መፈተሻው ግልጽ ነው፦ ባለሥልጣኑ ወንበሩን ሲለቅ ዕቃው የት ይሄዳል? ከመንግሥት ጋር ከቀረ የመንግሥት ነው። ተከትሎት ከወጣ ስሙ ምንም ይሁን ምን የእሱ ነበር።

«አላስታውስም»፣ «ተውሼው ነው»

በ2014 የአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል ፕሪሚየር (የክልሉ መንግሥት መሪ) ባሪ ኦፋረል 3,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የሚያወጣ የ1959 ወይን ጠጅ መቀበላቸውን እንደማያስታውሱ ለፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በመሐላ ተናገሩ። በማግስቱ በእጃቸው የጻፉት የምስጋና ደብዳቤ ቀረበ፤ ሥልጣን ለቀቁ። ኮሚሽኑ በኋላ ሆን ብለው እንዳላሳሳቱ ደምድሟል። የፔሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲና ቦሉዋርቴ ደግሞ በ2024 ስለ ሮሌክስ ሰዓታቸው ሲጠየቁ መጀመሪያ የልፋታቸው ፍሬ እንደሆነ፣ በኋላ ግን ከአንድ የክልል ገዢ የተዋሱት እንደሆነ ተናገሩ። ብዙ ባለሥልጣን ከስጦታው ይልቅ በመጀመሪያው መልሱ ይወድቃል፤ ሁለተኛ መልስ ሲመጣ ጥያቄው ስለ ዕቃው መሆኑ ይቀርና ስለ እውነተኝነት ይሆናል።

ጥብቅ ደንብ የሚቃወሙት ምን ይላሉ

ተቃውሟቸው መሠረት አለው። የጀርመን ፕሬዚዳንት የነበሩት ክርስቲያን ቩልፍ በፌብሩዋሪ 2012 ሥልጣን ለቀቁ፤ በፍርድ ቤት የቀረበባቸው ክስ በመጨረሻ ወደ 750 ዩሮ በሚጠጋ የሆቴልና የግብዣ ወጪ ላይ ያረፈ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በነጻ ተሰናበቱ። እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚያስነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ማስረጃ ሳይጣራ የሚመጣ የሕዝብ ቁጣ ሰውን ከሥራው ያስወግዳል፤ መልካም ሰዎችንም ከፖለቲካ ያርቃል። ደንቡ ሲጠብቅ የራሱ ሀብት ያለው ብቻ ይመቸዋል የሚልም አለ፤ ልብሱን፣ ማረፊያውን፣ ጉዞውን ከኪሱ የሚከፍል ባለጸጋ ተመራጭ መዝገብ አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ነጥብ ክብደት አለው፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ለሥራው የግድ የሆነ ወጪ ካለ፣ ለምሳሌ ለይፋ ዝግጅት ልብስ ወይም ለጸጥታ የሚሆን መቀመጫ፣ በታወቀ መጠን ከሕዝብ በጀት ቢሸፈን ይሻላል። ይህ ሕዝብ ፊት መከራከሪያ ያመጣል፤ ፖለቲከኞችም ስለሚፈሩት ይሸሹታል። በጀቱን ያልጠየቀ ሰው ግን ወጪውን ሌላ ሰው ይሸፍንለታል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ጉዳይ ያለው ነው።

አንድን የመዝገብ መስመር እንዴት ማንበብ ይቻላል

መዝገብ በሚታተምበት አገር ጋዜጠኛም ሆነ ተራ አንባቢ አንድን መስመር ሲያይ መጀመሪያ ሁለት ቀኖችን ያወዳድር፦ የተቀበለበትንና ያስመዘገበበትን። ልዩነቱ ከሕጉ ገደብ ካለፈ፣ ምዝገባው የመጣው የጋዜጣ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ መሆን አለመሆኑን ይፈትሽ። ቀጥሎ ሰጪውን ይመልከት። ስሙ የድርጅት ከሆነ ባለቤቱን እስኪያገኝ በንግድ መዝገብ ይከተለው፤ አንድ ባለቤት በሦስት ድርጅት ስም ከገደቡ በታች የሆኑ ሦስት ስጦታዎች ሊሰጥ ይችላል። ለዚህም ነው የአንድ ጊዜ ጣሪያ ብቻ ያለው፣ የዓመት ድምር የሌለው ደንብ በቀላሉ የሚታለፈው።

ከዚያ ዋጋው ነው። ማን ገመተው? ብዙ ጊዜ ሰጪው ወይም ተቀባዩ ራሱ ነው። የግል ጄት ጉዞ ዋነኛው ማሳያ ነው፤ በአሜሪካ እስከ 2007 ድረስ የኮንግረስ አባል በኩባንያ ጄት ሲበር እንዲከፍል ይጠበቅበት የነበረው የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ዋጋ ብቻ ነበር፤ ጄቱን መከራየት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የስታዲየም ሎጅም እንዲሁ ነው፤ ለሽያጭ ስለማይቀርብ ዋጋው የፈለጉትን ያህል ሊያንስ ይችላል። «ለጽሕፈት ቤት»፣ «ለዘመቻ ድጋፍ»፣ «ለልዩ ልዩ» የሚሉ ጥቅል ቃላት ሲገኙ ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመጨረሻ ከስጦታው ቀን አንድ ዓመት ወደ ፊትና አንድ ዓመት ወደ ኋላ በመሄድ የሰጪው ዘርፍ በባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ምን ጉዳይ እንደነበረው ማየት ያስፈልጋል፦ ጨረታ፣ ፈቃድ፣ ረቂቅ ሕግ፣ ሹመት። ጉዳይ መገኘቱ ጥፋትን አያረጋግጥም። ጥያቄው ግን ከግምት ወደ ሰነድ ይሸጋገራል።

ደንቡ ሲጠብቅ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል

ብሪታንያ እንዳደረገችው መዝገቡ ፈጥኖ ከነዋጋው መውጣት ሲጀምር፣ ቅርብ ጊዜ የሚጠበቀው ውጤት የሚታዩ ስጦታዎች መቀነስ ነው፤ ትኬትና ልብስ በየወሩ በጋዜጣ ከወጣ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ሐፍረት ያንሳል። ተጽዕኖ ፈላጊው ግን ፍላጎቱ አይጠፋም። የሚሸጋገርባቸው ቦታዎች አስቀድመው ይታወቃሉ፦ ለፓርቲ የሚሰጥ መዋጮ፣ በባለሥልጣኑ ስም ለሚጠራ ፋውንዴሽን የሚገባ ገንዘብ፣ ለቤተሰብ አባል የሚሰጥ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥልጣን በኋላ የሚጠብቅ የቦርድ ወንበር። የመጨረሻው በማንኛውም የስጦታ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ሲሰጥ ተቀባዩ ባለሥልጣን አይደለምና። በብሪታንያ የቀድሞ ሚኒስትሮች ለሁለት ዓመት መንግሥትን እንዳያግባቡ ይከለከላሉ። የስጦታን ጣሪያ የሚያወርድ አገር ይህን የቆይታ ጊዜና የፋውንዴሽን ሒሳብን አብሮ ካልነካ፣ በሚቀጥለው ዙር የሚሰማው ምክንያት «ያኔ ሥልጣን ላይ አልነበርኩም» የሚል ይሆናል።